ዛሬም የለም

ስለ ጡሩምባ ነፊው ስለ አያ ገብረሰንበት ንገሪን ካላችሁኝ እነግራችኋለሁ፤ ግን አታቋርጡኝ። እኔ ወይኒቱ ሲያቋርጡኝ አልወድም። ፍኖተ ሰላም ውስጥ፣ ከአስፋልቱ ዝቅ ብሎ ባለው ሰፈር፣ በረንዳ ላይ የስፌት መኪናዬን ዘርግቼ ስሰፋ ነው ዕድሜዬን የፈጀሁት። መንገደኛው ሁሉ በእኔ ፊት ነው የሚያልፈው። ወሬ አነፍናፊ ይሉኛል። ይበሉኛ! ዓይኔን ጨፍኜ እንዳልሰፋ መርፌው ጣቴን ይወጋኛል።

አያ ገብረሰንበት የእድራችን ጡሩምባ ነፊ ናቸው። ቁመታቸው አጭር፣ እግራቸው ፈጣን፣ ድምፃቸው ግን ወንዝ ተሻግሮ ይሰማል። አባታቸው ከቡሬ ወዲያ ከሚያርሱት አገዎች ስለሆኑ፣ ሲናደዱ በአገውኛ ይሳደባሉ፤ እኛም ምን እንዳሉን ስለማናውቅ «አሜን» ብለን እናልፋለን። ሰው ሲሞት ጎህ ሳይቀድ ይነሱና ጡሩምባቸውን እየነፉ በየመንደሩ ይዞራሉ። «እገሌ አርፏል! ቀብሩ በዚህ ቤተ ክርስቲያን ነው! አልሰማሁም እንዳትል!» ይላሉ። አንድም ቀን ስም ተሳስተው አያውቁም። ሬሳውን በዓይናቸው ሳያዩ፣ ካላዩም ካየ ሰው አፍ ሳይሰሙ፣ ጡሩምባውን ከንፈራቸው አያስነኩትም። «ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነው» ይላሉ፤ «ሞቷል ብዬ የጠራሁትን ተመልሼ አልሞተም ብል፣ ከዚያ ወዲያ ማን ያምነኛል?»

ታዲያ የስልኩ ኔትወርክ ጠፍቶ የየሰዉ ሞባይል ኪስ ውስጥ ድንጋይ ሆኖ የቀረ ጊዜ፣ ሱቅ የሚከፍተውም ሁሉ ወደ እሳቸው ዞረ። ድሮ በፌስቡክ «ከፍተናል፣ ብቅ በሉ» ይል የነበረው ጎረምሳ ሁሉ «አያ ገብረሰንበት፣ በሞቴ ይጥሩልኝ» ማለት ጀመረ። የመጀመሪያው ፀጉር አስተካካዩ እጅጉ ነበር። አያ ገብረሰንበት ለእጅጉ ሊጠሩ ወጡና፣ ልማድ ክፉ ነው፣ ጡሩምባውን ነፉት! ከዚያ «እጅጉ…» ከማለታቸው ሰፈሩ ቀሪውን መች ሰምቶ። ሴቱ ነጠላውን አዘቅዝቆ፣ ወንዱ ጋቢውን ተከናንቦ፣ «ወንድሜን! ወንድሜን!» እያለ ፀጉር ቤቱን ሞላው። እጅጉ መቀስ ይዞ ቆሟል። አንዷ ባልቴት አንገቱ ላይ ተጠምጥማ «እጅጉ እንዲህ በጧት ትቀጠፍ!» ብላ ራሱን እጅጉን አስለቀሰችው። ከዚያ ቀን ወዲህ አያ ገብረሰንበት ሕግ አወጡ፤ ጡሩምባ ለሞት፣ አፍ ለሱቅ።

ሳቃችሁ? ሳቁ። ነገሩ ግን በሳቅ አላለቀም።

ከእኔ በረንዳ ፊት ለፊት እህተ ማርያም ትኖራለች። ባሏ ከሞተ ቆይቷል። ልጇ አንድ ነው፤ ሙጬ ይባላል። ሙጬ ክረምቱ ሲወጣ ከጓደኞቹ ጋር በሽንዲ አድርጎ ቆላ ወረደ፤ የእርሻ ሥራ አለ ተብሎ። መጀመሪያ ላይ በየሾፌሩ «ደህና ነኝ በሏት» እያለ ይልክ ነበር። ኋላ መንገዱ ተዘጋና መኪናው ቆመ፤ ስልኩም ጠፋ። የልጁም ወሬ አብሮ ጠፋ።

እህተ ማርያም መቀመጥ አቃታት። ታጥባለች፣ የታጠበውን ደግማ ታጥባለች። እህል ታበጥራለች፣ የተበጠረውን ታበጥራለች። መኪና ድምፅ ባሰማ ቁጥር አስፋልት ድረስ ሮጣ ትመለሳለች። እኔ ነኝ፣ «እጅሽን የሚይዝ ነገር ፈልጊ፤ ባልትና ክፈች፤ እንዳንቺ ሽሮ የሚያዘጋጅ የት አለ?» ያልኋት። የፊት ክፍሏን አጸዳች፤ በርበሬውን፣ ሽሮውን፣ ድርቆሹን ደረደረች። ሠዓሊ ጠርታ በሩ ላይ «ሙጬ ባልትና» አስጻፈች። «ሲመጣ ሱቁ የሱ ነው» ትል ነበር። ቄስ ወልደ ዮሐንስ ጠበል ሊረጩላት፣ እድሩ ወንበር ሊያውሳት፣ አያ ገብረሰንበት ሰፈሩን ሊጠሩላት ቃል ገቡ። ሁሉም ነገር ከቅዳሴ በኋላ ነበር የታሰበው።

አሁን ስሙኝ፤ ጉዱ እዚህ ላይ ነው።

በምረቃው ቀን ቄሱ ሌላ ደብር የሚያስኬድ ጉዳይ ገጠማቸው። «እንግዲያ ከቅዳሴ በፊት በማለዳ ረጭቼላት ልሂድ» አሉ። የእድሩ ዳኛ ዘመኑም «ከሄድን አይቀር ወንበሩንም አብረን እናድርስላት» አለ። ጎህ ሳይቀድ ቄሱ መስቀላቸውን ይዘው፣ ዘመኑና ሌሎች ሽማግሌዎች ነጠላቸውን ተከናንበው፣ የእድሩን አግዳሚ ወንበር ተሸክመው፣ ጎረቤት እንዳይረበሽ ብለው በለሆሳስ በሯን አንኳኩ። ውሻው ጮኸ። እህተ ማርያም ከውስጥ «ማነው?» አለች። ቄስ ወልደ ዮሐንስ ደግሞ፣ እግዚአብሔር ይይላቸው፣ ምን ቢሉ ጥሩ ነው?

«አይዞሽ ልጄ፣ እኛ ነን።»

በጨለማ፣ በሽማግሌ፣ በቄስ፣ በእድር ወንበር፣ ያውም «አይዞሽ» ተብሎ! የትኛዋ የጎጃም እናት ናት ይህን አይታ ሱቅ ሊመረቅልኝ ነው የምትል? እህተ ማርያም በሩን ከፈተችና አየቻቸው፤ ከዚያ መሬት ላይ ወደቀች። «ሙጬን! ልጄን! ልጄን!» የሚለው ጩኸቷ ከአልጋዬ አስፈንጥሮ አወረደኝ። እኔም አላጣራሁም፤ ደረቴን እየመታሁ ሮጥሁ። የእድሩን ወንበር ካየሁ ምን አጣራለሁ? ሰፈሩ ግልብጥ ብሎ ወጣ። ቄሱ ብቻቸውን መሐል ቆመው «ኧረ በእግዚአብሔር! ጠበል ልንረጭ ነው! ኧረ ስሙኝ!» ይላሉ፤ ማን ይስማቸው!

ለቅሶው በርዶ ነገሩ ሲገባን ሰው አፉን በነጠላው ሸፍኖ ሳቀ። እውነቱን ያልተቀበለች እሷ ብቻ ነበረች።

«እህተ፣ መርዶ አይደለም እኮ፣» አልኋት፤ «ጠበል ነው። እይው፣ ማሰሮው ይኸው።»

«ወይኒቱ፣ አታታልይኝ፣» አለችኝ። «መርዶ ነጋሪ መቼ ነው መጀመሪያ እውነቱን የሚናገር? የእንቁ እናት የሞተች ጊዜ እኔና አንቺ አይደለን “ትንሽ አሟታል፣ ጠይቀሻት ትመጫለሽ” ብለን የወሰድናት? እዚያ ደርሳ ድንኳኑን ስታይ አይደል ያወቀችው? እኔንም እንደዚያ እያደረጋችሁኝ ነው። ስጮህባችሁ ደነገጣችሁና መለሳችሁት።»

ምን ትሏታላችሁ? እውነቷን ነው። ሰው እንዳይደነግጥ ብለን መዋሸት ልማዳችን ነው፤ በደግነት ስንዋሽ ኖረን፣ እውነት የምንናገር ቀን የሚያምነን አጣን። ቄሱ በመስቀል ማሉላት፤ «አባ፣ ለሐዘንተኛ ሲባል የተዋሸ ኃጢአት አይሆንም ብለው ያስተማሩን እርስዎ አይደሉ?» አለቻቸው። ዘመኑ ማለላት፤ እሱንስ ተዉት፣ ዘመኑ ሲምል እኔም አላምነውም። እህተ ማርያም ጥቁር ለብሳ መሬት ላይ ተቀመጠች። ሱቁንም ሳትከፍተው ቆለፈችው። ምግብ አልቀምስም አለች። መንገዱ እንደሆነ ዝግ ነው፤ ስልክ የለ፤ ልጁ ደህና ነው ብሎ ማስረጃ የሚያመጣላት ማን ነው? ከቀን ቀን ፊቷ ሲገረጣ እያየሁ፣ ልጁ በሕይወት እያለ እናቱ በሐሳብ ልትሞት ነው ብዬ እኔም ስፌቱን ተውሁት።

በዚህ መሐል ነው አያ ገብረሰንበት የመጡት። ጡሩምባቸውን በትከሻቸው አንግተዋል። አልተቀመጡም፤ እሳቸው መቀመጥ የሚባል ነገር አያውቁም። በሩ ላይ እንደቆሙ፣ «እህተ ማርያም፣ ያንቺን ልጅ ሞት ጠርቻለሁ?» አሏት።

«አልጠሩም።»

«በዚህ አገር እኔ ሳልጠራው የተቀበረ ታውቂያለሽ?»

«አላውቅም።»

«ከቆላም ይምጣ ከደጋ፣ መርዶ ሲመጣ መጀመሪያ የሚመጣው ወደ እድሩ ነው፤ እድሩም ወደ እኔ። እኔ ጋ የሙጬ መርዶ አልመጣም። ልጁ ደህና ነው አልልሽም፤ አላየሁትማ! አልመጣም ነው የምልሽ። በዚህ ጡሩምባ ዋሽቼ አላውቅም።»

እህተ ማርያም ቀና ብላ አየቻቸው። እነዚያን ሁሉ ቀናት ሰው «ደህና ነው፣ ደህና ነው» ሲላት ነበር የሰነበተው። «አላውቅም» ያላት እሳቸው ብቻ ናቸው። ያመነቻቸውም ለዚህ ይመስለኛል።

«ዛሬ አልመጣም፣» አለች፤ «ነገስ?»

«ነገም ጧት መጥቼ እነግርሻለሁ።»

«ከነገ ወዲያስ?»

«ከነገ ወዲያም እመጣለሁ፤ ምን እዳ አለብኝ፣ እግሬ እንደሆነ አይደክመው!»

«ይማሉልኝ።»

ማሉላት። በማግስቱ ገና ወፍ ሲንጫጫ ድምፃቸውን ሰማን። ያለ ጡሩምባ፣ በባዶ አፋቸው፣ «እህተ ማርያም! ዛሬም የለም!» አሉ። እሷም «እሰይ፣ ተመስገን!» ብላ ተነሣች፤ ፊቷን ታጠበች፤ በዚያው ቀን ሱቁን ከፈተች። ምረቃ የለ፣ ጠበል የለ፣ እንዲሁ ቁልፉን ከፍታ ቆመች። የመጀመሪያዋ ገዢ እኔ ነኝ፤ በርበሬ ቤቴ ሞልቶ ሳለ በርበሬ ገዛሁ።

ወሬ እግር አለው አይደል የሚባለው? ደስታነሽ ሰማች። የደስታነሽም ልጅ እዚያው ቆላ ነበር፤ ከሙጬ ጋር የሄደ። «አያ ገብረሰንበት፣ በእኔ በርም ይለፉ» አለቻቸው። ከዚያ ሌላዋ መጣች፤ ከዚያ ሌላዋ። እንቁ እንኳ፣ ከላህ ወንዝ ድልድይ አጠገብ የምትኖረው፣ ሾፌሩ ባሏ ከመኪናው ጋር የት እንደቆመ ስላላወቀች ለመነቻቸው። አያ ገብረሰንበት አልችልም ማለት አይሆንላቸውም። ዙራቸው ረዘመ። ከእህተ ማርያም ይጀምራሉ፣ በደስታነሽ በር ያደርጋሉ፣ በየቅያሱ እየገቡ ወደ ላህ ወርደው እንቁ በር ላይ ይጨርሳሉ። እየቆዩም ሌላውን የሰፈር ወሬ ይጨምሩበት ጀመር። «ደስታነሽ፣ ዛሬም የለም! ዘይት ገብቷል! መሰረት ዳቦ ቤት ልትከፍት ነው!» ይላሉ። አንዳንዴ ዘይቱ ሳይገባ «ገብቷል» ተብሎ እንደሆነ፣ በማግስቱ «ትናንት ስለ ዘይቱ ተሳስቻለሁ» ብለው ያርማሉ።

ከተማው እንቅልፍ አጣ። ድሮ ጡሩምባ ሲነፋ ነበር ሰው ደንግጦ የሚነሣው፤ አሁን ሳይነፋም ሁሉም ከወፍ ቀድሞ ነቅቶ ጆሮውን ቀስሮ ይጠብቃል። እናቶቹ ጎህ ሲቀድ በየበራቸው ይቆማሉ። አያ ገብረሰንበት አንድ ጧት ጉንፋን ይዟቸው ቢዘገዩ፣ ደስታነሽ ጫማ ሳታደርግ ቤታቸው ድረስ ሮጣ «ምን ሰምተው ነው የቀሩት? ምን ሰምተው ነው?» ብላ በሩን ልትሰብረው ደረሰች። እያስነጠሱ ተነሥተው ዞሩ።

ዘመኑ ይህ ነገር አልጣመውም። «እድሩ የቀጠረዎት ለሞተ ነው፤ ላልሞተ ለመጥራት አይደለም፣» አላቸው በስብሰባ ላይ።

«ላልሞተ መጥራት ምን አጠፋ?» አልሁት እኔ ከሴቶቹ ወገን ሆኜ። «አንተ ስትሞት ብቻ ስምህን እንዲጠሩ ከፈለግህ፣ ንገረን።»

«አንቺ ዝም በይ! ልማድ ሲበላሽ ኋላ ይቆጫል፣» አለኝ። ነገሩን አልወደድሁለትም፤ አሁንም አልወድለትም። ግን ኋላ ሳስበው፣ ያን ቀን ከሁላችን የተሻለ አርቆ ያየው እሱ ነበር። እናድርገው አልን እንጂ ምን እንደሚያስከትል አላሰብንም።

አንድ ሐሙስ ቀን፣ ወደ ማታ ግድም፣ ዘመኑ ሰው ላከብኝ። ቤቱ ስደርስ ቄስ ወልደ ዮሐንስ አሉ፤ አያ ገብረሰንበትም አሉ፤ ቆመዋል። አንድ እግሩ በእሾህ የቆሳሰለ ወጣት መደቡ ላይ ተቀምጧል። ደስታው ይባላል፤ የሽንዲ ሰው ነው፤ ከሙጬ ጋር አንድ እርሻ ላይ ነበር የሚሠራው። በእግሩ ነው የመጣው። የጎረቤት ሴት ለብቻዋ የምትጠራው ለምን እንደሆነ አውቃለሁ፤ መርዶ ሲነገር ሐዘንተኛዋን የምትይዘው እሷ ናት።

«ወባ ነው፣» አለ ደስታው። «ሁላችንንም ይዞን ነበር፤ እኛ ተነሣን፣ እሱ አልተነሣም። መድኃኒት ፍለጋ ተሸክመነው ስንወጣ መንገድ ላይ አረፈ።»

አያ ገብረሰንበት ወደ እሱ ጠጋ አሉ። «በዓይንህ አይተሃል?»

«በእጄ ነው አፈር ያለበስሁት፣ አባቴ።»

«ሌሎቹስ? የነደስታነሽ ልጆች?»

«ደህና ናቸው። ትቻቸው ስመጣ ደህና ነበሩ።»

አያ ገብረሰንበት ተቀመጡ። እሳቸውን ተቀምጠው ሳይ የመጀመሪያዬ ነበር። እኔ ነጠላዬን አፌ ውስጥ ጎስሬ አለቀስሁ፤ ሙጬን ከልጅነቱ ጀምሮ ሱሪውን የምጠግንለት እኔ ነኝ።

ዘመኑ ነገሩን እንደ ወጉ ያዘው። «መርዶ ያለ ዘመድ አይነገርም። ወንድሟ ግሽ ዓባይ ነው ያለው። ሰው ልከናል፤ ለእሑድ ይደርሳል። እሑድ ንጋት፣ አባ ባሉበት፣ ወንድሟ አጠገቧ ሆኖ ትረዳለች። እስከዚያ ማንም ትንፍሽ እንዳይል።»

«ጥሩ፣» አሉ ቄሱ። እኔም ራሴን ነቀነቅሁ። እንዲህ ነው የሚደረገው፤ ብቻዋን እንድትሰማው አንፈልግም።

«ነገ ጧትስ ምን ልበላት?» አሉ አያ ገብረሰንበት።

ይህን ያሰበ አልነበረም።

«እንደወትሮው ነዋ!» አለ ዘመኑ። «“ዛሬም የለም” ይበሏት።»

«አለ እኮ።»

«ለሁለት ጧት ነው፣ አያ ገብረሰንበት።»

«ለአንድም አልዋሽም። ሌላው ሁሉ ዋሽቷት እኔን ያመነችኝ እኮ የማላውቀውን አላውቅም ስላልኋት ነው። እሑድ ስትሰማ፣ “ዓርብና ቅዳሜ በሬ ላይ ቆመው ምን ነበር ያሉኝ?” አትለኝም?»

«እንግዲያ ዝም ብለው ይለፉ።»

«ዝም ካልሁማ ነገርኋት!»

«ታመምሁ ብለው ይተኛሉ።»

«ከተኛሁ የቀሩት እናቶች ሁሉ በየበራቸው ይወድቃሉ! አላየህም የጉንፋኑን ጊዜ?»

ቄስ ወልደ ዮሐንስ በረዥሙ ተነፈሱ። «ይህ የጧት ጥሪ ባይጀመር ይሻል ነበር፣» አሉ።

እኔ መቼም አፌ አያርፍም። «አባ፣ ያ “አይዞሽ” ባይባል ይሻል ነበር!» አልኋቸው። ወዲያው ደነገጥሁና ይፍቱኝ ብዬ እግራቸው ሥር ተደፋሁ። እሳቸውም «እውነትሽን ነው፣ ልጄ» አሉ፤ ዓይናቸው እንባ ሞልቶ ነበር። አያ ገብረሰንበት በአገውኛ አንድ ነገር ተናገሩና ተነሥተው ወጡ። ስድብ ይሁን ጸሎት እስከ ዛሬ አላውቅም። እሺም አላሉ፣ እምቢም አላሉ።

ያን ሌሊት ማን ተኝቶ። ገና ሰማዩ ሲገረጣ በረንዳዬ ላይ ወጥቼ መጥረጊያ ያዝሁ፤ የምጠርገው ነገር አልነበረም። ፊት ለፊት እህተ ማርያም በሯን ከፍታ ወጣች። «ወይኒቱ፣ እንዴት አደርሽ? ዛሬ ማለዳ ተነሣሽሳ!» አለችኝ። «እግዚአብሔር ይመስገን» ብዬ ፊቴን አዞርሁ። ዓይኗን ማየት አልቻልሁም።

አያ ገብረሰንበት ከላይ ሲመጡ አየሁ። እግራቸው እንደወትሮው አልፈጠነም። ሱቁ ፊት ሲደርሱ ቆሙ። በልቤ፣ በሉ፣ ዋሹ አንቱ ሰውዬ፣ ዛሬን ብቻ ዋሹ እላለሁ። ወዲያው ደግሞ አይ፣ አይዋሹ፣ እላለሁ። ሁለቱንም እለምን ነበር።

«እህተ ማርያም!» አሉ።

«አቤት አያ ገብረሰንበት!»

«ዘይት ገብቷል። የመሰረት ዳቦ ቤት ቅዳሜ ይመረቃል፤ ለመጀመሪያ ቀን ዳቦው በነፃ ነው ብላለች። እጅጉ አዲስ መስታወት አስገብቷል።» ትንፋሽ ወሰዱ። «የጠፋችው ላም ማንኩሳ ተገኝታለች። ቀይ ናት፤ አንድ ቀንዷ ወደ ታች ነው። ባለቤቷ ሄዶ ይቀበል ተብሏል። የላሁ ድልድይ ጥግ ላይ ልብስ ተኳሽ ከፍቷል፤ በከሰል ነው የሚተኩሰው። ወፍጮው ዛሬ ይሠራል። ወፍጮው… ከሰዓት በኋላ ነው የሚሠራው…»

እንዲህ ረዥም ተናግረው አያውቁም። ስለ ላሚቱ ቀንድ ሳይቀር ነገሯት። እህተ ማርያም የበሩን መቃን ይዛ ቆማ ትሰማቸዋለች። መጀመሪያ ፈገግ ብላ ነበር። ኋላ ፈገግታው ከፊቷ ላይ ቀስ እያለ ጠፋ።

«አያ ገብረሰንበት፣» አለች፤ «የኔን ዘለሉት።»

አፋቸውን ከፈቱ። አማርኛውም አገውኛውም ጠፋቸው፤ እንባቸው ብቻ ወረደ።

መጥረጊያውን ጥዬ መንገዱን ተሻገርሁ። እህተ ማርያም ልትወድቅ ነበር፤ ያዝኋት። ክንዴን በሁለት እጇ ጨብጣ፣ አፏን ከፍታ፣ ልትጮህ አየር ስትስብ ሰማኋት። ግን አልጮኸችም። አያ ገብረሰንበትን ነበር የምታያቸው።

«የነደስታነሽስ?» አለች፤ ድምፅ የለውም፤ ከንፈሯ ነው የተናገረው።

«የነሱ የለም፣» አሉ። «በእመቤቴ፣ የነሱ እውነትም የለም።»

«እንግዲያ ምን ይገትርዎታል? በር ላይ ቆመዋል እኮ፣ ይሂዱ!»

«አንቺስ?»

«እኔ አሁን ከጮህሁ የየራሳቸው መርዶ መስሏቸው አይደል የሚወድቁ? መጀመሪያ ይንገሯቸው። ይሂዱልኝ፣ አያ ገብረሰንበት።»

ሄዱ። እህተ ማርያም ነጠላዋን ጠቅልላ አፏ ውስጥ ከተተችና ነከሰችው። ሱቁ ደፍ ላይ አብረን ተቀመጥን። ጥፍሯ ክንዴን በሳው፤ እኔም አላስለቅቅ አልሁ። «ልቀቂው እህተ፣ አልቅሽ» አልኋት፤ ራሷን ነቀነቀች።

«ደስታነሽ! ዛሬም የለም!» የሚለውን ድምፃቸውን ከታች ሰማን። እህተ ማርያም ዓይኗን ጨፈነች። ድምፁ ከሁለተኛው ቅያስ መጣ። ከዚያ ከሦስተኛው፤ እየራቀ፣ እየቀጠነ። በየበሩ «ተመስገን» የሚሉ ሴቶች ድምፅ ይሰማል። ሰው ምጣድና ሰፌድ ይዞ መንጎዳጎድ ጀምሯል። አንዲት ሴት በፊታችን አልፋ «እንዴት አደራችሁ» አለችን፤ እኔ መለስሁላት።

በመጨረሻ፣ ከላህ ድልድይ በኩል፣ በጣም ከሩቅ፣ «እንቁ! ዛሬም የለም!» ሲሉ ሰማን።

ያን ጊዜ እህተ ማርያም ነጠላውን ከአፏ አወጣችና ጮኸች።